አይፒ 44 ምንድን ነው? የመታጠቢያ ቤት መብራት ሲገዛ የሚታየው ቁጥር

የሻወር ቤታችን ኮርኒስ ላይ ሦስት ስፖት ላይት ነበር። ቤቱን ስናድስ ከሳሎኑ ጋር አብሮ የተገዛ ነው። ሲያምር! ስድስት ወር ሳይሞላው የአንዱ መስታወት ከውስጥ ውሃ አቀረረ። ቀጥሎ ስፕሪንጉ ዛገ። አንድ ማታ ገላዬን ታጥቤ ስወጣ ብሬከሩ ወረደና ቤቱ ድቅድቅ አለ።

ኤሌክትሪሺያኑ መብራቱን ነቅሎ ጀርባውን አሳየኝ። በደቃቅ ጽሑፍ «አይፒ 20» ይላል። «ይሄ እኮ የሳሎን ነው» አለኝ።

አይፒ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ጠጣር ነገርና ውሃ እንዳይገባበት ምን ያህል እንደተከለለ የሚናገር ኮድ ነው። መስፈርቱን ያወጣው ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ነው። አኃዞቹ ለየብቻ ነው የሚነበቡት። «ሃያ» ሳይሆን «ሁለት፣ ዜሮ»። የመጀመሪያው ስለ ጣት፣ ስለ ሽቦና ስለ አቧራ ነው። ሁለተኛው ስለ ውሃ። የእኛ መብራት እንግዲህ ጣት አያስገባም፤ ለውሃ ግን ዜሮ!

ለሻወር ቤት ወሳኟ ሁለተኛዋ ናት። 4 ከሆነች፣ ከየትኛውም አቅጣጫ የሚረጭ ውሃ ትችላለች። 5 ከሆነች፣ ከቱቦ በግፊት የሚመጣውን። 7 ደግሞ አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ትቆያለች።

ዓለም አቀፉ የመስመር ዝርጋታ ደንብ መታጠቢያ ቤትን በዞን ይከፍላል። ገንዳው ውስጥ 7 ይጠይቃል። ከገንዳው በላይ፣ ከወለሉ እስከ 2.25 ሜትር ከፍታ፣ ከዚያም 60 ሳንቲም ወደ ጎን፣ ቢያንስ 4። ኮርኒሱ ከዚያ ከፍ ካለ ደንቡ አይነካውም። እኔ ግን አልስማማም። የእኛ ሻወር ቤት ጠባብ ነው። መጋረጃ የለው፣ መስኮቱ መዳፍ ታክላለች። ያ ሁሉ እንፋሎት የት ይሄዳል? ኮርኒሱ ላይ ነዋ! ስለዚህ ከ44 በታች አልገዛም።

አንድ ነገር ግን ብዙ ሰው ይሸወዳል። ኮርኒስ ውስጥ የሚቀበሩ ስፖቶች አንዳንዶቹ 44 ወይም 65 የሚሆኑት በፊታቸው በኩል ብቻ ነው፤ ጀርባቸው 20 ነው። ኮርኒሱ በደንብ ካልተደፈነ እንፋሎቱ ከላይ ዞሮ ይገባል። ደግሞም ለአይፒ ቁጥሩ የውሃ ፍተሻው የሚደረገው ውሃ በመርጨት እንጂ በእንፋሎት አይደለም። ታጥቦ መስኮት መክፈት አሁንም አይቀርም።

አዲስ ልገዛ ስሄድ የመጀመሪያው ሻጭ «ዋተርፕሩፍ ነው» አለኝ። ገለበጥኩት። ካርቶኑም ላይ፣ ዕቃውም ላይ ቁጥር የለም። መለስኩለት። ሦስተኛው ሱቅ ላይ አይፒ 54 አገኘሁ። ክብ፣ ነጭ፣ ምንም የማያምር። ሲገጠም ዙሪያውን ያለው ጎማ እንዳይታጠፍ መሰላሉ ሥር ቆሜ ስጨቀጭቅ ነበር።