«ሦስት ማል ዶቃ ቢኖርም፣ ጌጥ የሚሆነው ሲሰካ ነው»

ይህ አባባል ከኮሪያውያን አፍ አይጠፋም። «ማል» እንደኛ ቁና የእህል መስፈሪያ ነው፤ በኋለኛው ዘመን በጸናው ልክ አንዱ 18 ሊትር ገደማ ይይዛል። ሦስቱ 54 ሊትር መሆናቸው ነው። ዶቃ በፍሬ ይቆጠራል እንጂ እንደ ጤፍ አይሰፈርም፤ የአባባሉ ግነት እዚህ ላይ ነው። ያ ሁሉ ዶቃ ታዲያ ክር ካላገኘ አንገት ላይ አይታሰርም።

የሚነገረው ችሎታ ወይም ሀብት እያለው ሥራ ላይ ላላዋለ ሰው ነው። ብዙዎች «አትስነፍ» ብለው ይፈቱታል። እኔ ግን ከዚያ ይጠልቃል ባይ ነኝ። ክብደቱ ያረፈው «ሲሰካ» በሚለው ግስ ላይ ነው። የኮሪያኛው ግስ ዶቃ መሰካትን፣ መርፌ ላይ ክር ማስገባትን፣ አልፎም አንድን ጉዳይ አብጠርጥሮ ማወቅን ይገልጻል። ሰነፉን ከመገሠጽ ይልቅ የሚያያይዘውን እጅ ያከብራል።

ይህን እጅ በቤት ዕቃቸው ላይ ማየት ይቻላል። የድሮ ሴቶች ልብስ ሲሰፉ የተረፋቸውን ቁራጭ አይጥሉም ነበር። ሐሩን ከሐር፣ ስሱን ከስስ እየገጣጠሙ «ጆጋክቦ» የተባለውን ጨርቅ ይሰፉበታል፤ ምግብ ይሸፈንበታል፣ ስጦታ ይቋጠርበታል። በየስፌቱ ለሚጠቀምበት ሰው ረጅም ዕድሜና በረከት ይመኙ ነበር። ለእኔ ከአባባሉ ጋር የሚሄድ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም፤ ዶቃው እንኳ ተራ ብጣሽ ነውና።

ሁለተኛው በዛጎል የተለበጠው ሣጥን ነው። ዛጎሉ እንደ ወረቀት ይሳሳል፣ በቀጭን መጋዝ ይቆረጣል፣ «ኦት» የሚሉት የዛፍ ፈሳሽ በተቀባ እንጨት ላይ ይለጠፋል። ፈሳሹ የሚጠነክረው ፀሐይ ላይ ሳይሆን ሙቀትና እርጥበት ባለበት ክፍል ነው፤ ደጋግሞ መቀባት፣ ደጋግሞ መሞረድ አለ። በ1123 እ.ኤ.አ. ኮርዮ ወደተባለው የያኔው የኮሪያ መንግሥት የመጣው ቻይናዊው መልእክተኛ ሹ ጂንግ የዚህን ሥራ ረቂቅነት አድንቆ ጽፏል። በደቡብ ጠረፍ ያለችው ቶንግዮንግ ዛሬም የምትታወቀው በዚሁ ነው። ባለሙያው እንደ ክር የቀጠነ የዛጎል ጭረት በግራ እጁ ይዞ፣ በቢላ ጫፍ እየቆረጠ፣ ቁራጩን ከቁራጩ ጫፍ ለጫፍ እያገናኘ ሐረግ ያወጣበታል።