«ቲቸር፣ ሽጉጥ ይይዙ ነበር?»

በየሴሚስተሩ ጅማ ላይ የማስተምራቸው ልጆች ይቺን ሳይጠይቁኝ የመረጃ ትንተና ኮርሱ አይጀመርም። አልያዝኩም። ለዓመታት የያዝኩት እስክሪቢቶና የወገብ ህመም ነው። የደህንነት መረጃ ተንታኝ ነበርኩ፣ ማለትም ሌላው ያመጣውን ወረቀት ቁጭ ብዬ አነባለሁ፣ አመዛዝናለሁ፣ እጽፋለሁ፣ በቃ።

«መረጃ ሁሉ ሚስጥር ነው» የምትሉም፣ ጅማ ሂርማታ ገበያ ሄዳችሁ የቆየ የቡና ነጋዴ ጠይቁ እስቲ። ዝናቡ ለአበባው ደረሰ ወይስ ዘገየ፣ ስንት አይሱዙ ጭኖ ገባ እያለ ምርቱን ይገምትላችኋል፣ ማንንም ሳይሰልል።

መረጃና ማስረጃም አንድ አይደሉም፣ ማስረጃ ለዳኛ ነው።

ደሜን የሚያፈላው ግን «መረጃው ካለ መልሱ አለ» የሚለው ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. እስራኤሎች የግብፅ ጦር ስዊዝ ካናል ዳር ሲከማች እያዩ ነበር፣ የዮርዳኖሱ ንጉሥ ሁሴን ራሱ ሄዶ ለእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር ለጎልዳ ሜየር ጦርነት ሊመጣ ነው ብሏታል። ተንታኞቹ ግን ግብፅ የአየር ኃይሏን ሳታጠናክር አትዋጋም ብለው ቀድመው ስለደመደሙ ያዩትን ሁሉ ልምምድ ነው አሉት፣ ኦክቶበር 6 ላይ ጦርነቱ ፈነዳ። ምን ጎደላቸው? መረጃ አይደለም!

መልሱን ብታገኘው እንኳ አጻጻፉ ይገድልሃል። ከዬል የታሪክ አስተማሪነት የአሜሪካው የስለላ ድርጅት ሲአይኤ የገባው ሼርማን ኬንት በ1951 እ.ኤ.አ. ከቡድኑ ጋር ሆኖ ሶቪየት ዩጎዝላቪያን የማጥቃቷ ነገር «ቀላል የማይባል ዕድል» አለው ብሎ ጻፈ። ኋላ የገዛ ባልደረቦቹን ስንት ፐርሰንት ማለታችሁ ነበር ሲላቸው ከ20 እስከ 80 ተበታተኑ፣ አብረው ጽፈውት እኮ ነው! እኔም ክላስ ውስጥ «ሳይሆን አይቀርም» ስንት ፐርሰንት ነው ብዬ ጠየቅኩ፣ ኋላ ወንበር ያለው 50 አለ፣ አጠገቡ ያለችው 95። ማን ይስቃል፣ እኔ ራሴ ድሮ «መንገዱ ሊዘጋ ይችላል» ብዬ ጽፌ አለቃዬ «ይዘጋል» ብሎ አነበበውና መኪኖቹን በዙሪያ ላካቸው፣ መንገዱ ክፍት ነበር፣ ጩኸቱ እኔ ላይ ወረደ።

ስለዚህ እኔ ጋ «ሊሆን ይችላል» ብቻውን ነጥብ ያስቀንሳል። ቁጥር ጻፉ፣ ምክንያት ጻፉ፣ ምን ብታዩ ሐሳባችሁን እንደምትቀይሩም ጨምሩ፣ ደግሞ ከማስረከባችሁ በፊት የማይስማማችሁ ጓደኛ ያንብበው፣ የሚስማማችሁማ ምን ይጠቅማል።

ባለፈው አንዱ ተማሪ አሳይመንቱ ግርጌ ላይ «ኤ የማገኝበት ዕድል 70 ፐርሰንት» ብሎ ጽፏል። ምክንያቱን ስላልጻፈ ቢ ሰጠሁት።