«ብረት ከነካው ይሰራጫል»፦ ስለ አጥንትና ስለ ሥጋ ካንሰር የሚወራውና እውነታው

አጥንት፣ ጡንቻና ስብ ላይ የሚነሣው ካንሰር ሳርኮማ ይባላል። ከአዋቂዎች ካንሰር አንድ በመቶ ገደማ ብቻ ቢሆንም ዓይነቱ ከ70 ይበልጣል። በጤና ጣቢያ ብዙ ዓመት የሠራ ባለሙያም ላያጋጥመው ይችላል። በጎጃም ግን ስለ እግር እብጠት አስተያየት የሌለው ሰው የለም።

«ኳስ ሲጫወት ተመትቶ ነው፤ ወጌሻ ይሽው»

ምት ካንሰር አያመጣም፤ የነበረውን እንዲታይ ያደርጋል እንጂ። ኦስቲዮሳርኮማ የተባለው የአጥንት ካንሰር በብዛት የሚይዘው በማደግ ላይ ያሉ ልጆችንና ወጣቶችን ነው። ቦታውም አጥንት ፈጥኖ የሚያድግበት ነው፦ ከጉልበት በላይ፣ ከጉልበት በታች፣ ወይም ክንዱ ከትከሻ በሚገናኝበት። የምት ሕመም ቀን በቀን ይቀንሳል። ይሄኛው ይጨምራል፣ ቢያርፉም አይለቅም፣ ሌሊት ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል። ሁለት ሦስት ሳምንት እንዲህ ከቆየ ከፊትና ከጎን ራጅ መነሣት አለበት። ማሸት ዕጢውን ያደማዋል፤ የሳሳውን አጥንትም ሊሰብረው ይችላል። ከተሰበረ ደሙ የካንሰር ሕዋሱን ይዞ ወደ ዙሪያው ሥጋ ስለሚፈስ እግሩን ማትረፍ ይከብዳል። ኢዊንግ ሳርኮማ የተባለው ሌላው የአጥንት ካንሰር ደግሞ ትኩሳት ሊኖረው ስለሚችል «መግል ቋጥሯል» ተብሎ በስሕተት ይቀደዳል።

«ካላመመ ምን አለበት»

ከሥጋ የሚነሣው ሳርኮማ ብዙውን ጊዜ አያምም። መታየት ያለበት መጠኑ፣ ጥልቀቱና ዕድገቱ ነው። ከ5 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ፣ ማለትም የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ካከለ፣ ሐኪም ይየው። ጥልቀቱን በቤት መሞከር ይቻላል፦ ጡንቻውን ዘና አድርጎ እብጠቱን በጣት መግፋት፣ ከዚያ ጡንቻውን አጥብቆ መድገም። ሲጠብቅ አልንቀሳቀስ ካለ ከጡንቻው ጋር ተያይዟል ወይም ከሥሩ ነው። በልብስ ሰፊ ሜትር ለክቶ ከነቀኑ መጻፍም ለሐኪሙ ይጠቅማል።

«ዝሆኔ ነው»

በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣው ዝሆኔ ስለሚበዛ ግምቱ አያስገርምም። ነገር ግን ዝሆኔ ከእግር ጣትና ከመርገጫ ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜም ሁለቱንም እግር ይይዛል። ጣቱ ደህና ሆኖ አንድ ጭን ወይም አንድ ባት ብቻ ቢያብጥ ሌላ ነገር ነው።

«ብረት ከነካው ይሰራጫል»

ብዙ ሰው መርፌና ቢላ ፈርቶ የሚዘገየው በዚህ ነው። ለምርመራ ከዕጢው በትክክል የተወሰደ ናሙና ካንሰር አያሰራጭም፤ ያለ ናሙናም መድኃኒቱ አይታወቅም። ይሁንና ወሬው ከምንም አልተነሣም፤ ያለ ዕቅድ ናሙና የተቆረጠበት እግር በእርግጥ ሊበላሽ ይችላል። ሄንሪ ማንኪን የተባለው አሜሪካዊ የአጥንት ሐኪም በ1982 እና በ1996 (እ.ኤ.አ.) ባወጣቸው ጥናቶች፣ ናሙናው የመጨረሻውን ሕክምና በማይሰጥ ሆስፒታል ሲወሰድ ስሕተቱና ጉዳቱ ከ2 እስከ 12 እጥፍ እንደሚጨምር አሳይቷል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ናሙና መውሰጃው መርፌ ያለፈበት መንገድ ሁሉ በካንሰር ሕዋስ እንደተበከለ ስለሚቆጠር በኋላ ከዕጢው ጋር ተቆርጦ ይወጣል። ስለዚህ መግቢያውን መምረጥ ያለበት እግሩን የሚያተርፈው ሐኪም ነው። ቢላ የግድ ካስፈለገም ቁስሉ በእግሩ ቁመት ይሁን፤ አግድም ከሆነ ብዙ ጤነኛ ሥጋ አብሮ ይሄዳል። ኤምአርአይ (ሥጋውንና አጥንቱን በማግኔት የሚያሳየው ምስል) ከናሙናው በፊት ይነሣል፤ የመርፌው ደም ምስሉን ያደበዝዘዋልና። ሳርኮማ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሳንባ ስለሆነ የደረት ሲቲ ስካንም አይቀርም።

ናሙናው ቢያንስ አሥር እጥፉ በሆነ ፎርማሊን (ናሙናን ከመበስበስ በሚጠብቅ ፈሳሽ) ውስጥ ይቀመጣል። በውኃ ወይም በግሉኮስ ከረጢት ፈሳሽ ከቆየ ይበሰብሳል፤ ድጋሚ መውጋት ይመጣል። አጥንት ከሆነ ኖራው (ካልሲየሙ) እስኪለቅ ቀናት ስለሚፈጅ ውጤቱ ቢዘገይ ጠፋ ማለት አይደለም።

«አውጥተው ጥለውታል፤ አለቀ»

የወጣ እብጠት አይጣልም። የስብ እብጠት ነው ተብሎ የወጣው በፓቶሎጂ (በላቦራቶሪ የናሙና ምርመራ) ሳርኮማ ሆኖ ሲገኝ፣ ጠርዙ ከካንሰር ሕዋስ ስለማይጸዳ ብዙውን ጊዜ ድጋሚ ሰፋ ያለ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። የፓቶሎጂው ወረቀት ብቻ ሳይሆን በሰም የተያዘው ናሙናም ሪፈር ወደተጻፈበት ይሂድ። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ ጥቁር አንበሳ ከደረሱ በኋላ ለአንድ ወረቀት መመለስ ያናድዳል።

«እግሩ ከተቆረጠ ዳነ»

አልዳነም። ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በፊት፣ መቁረጥ ብቻውን ሕክምና በነበረበት ዘመን፣ ከአምስት የኦስቲዮሳርኮማ ሕሙማን በሕይወት የሚቆየው አንድ ገደማ ነበር። ኬሞ (ካንሰርን የሚገድል መድኃኒት) ከተጨመረ ወዲህ ሳይሰራጭ ተደርሶበት ሙሉውን ሕክምና ካገኙት ከሦስት ሁለት ያህሉ ይተርፋሉ፤ ብዙዎቹም እግራቸው ሳይቆረጥ። ኬሞው 10 ሳምንት ገደማ ከቀዶ ሕክምናው በፊት፣ ቀሪው በኋላ ይሰጣል፤ ጠቅላላው ሰባት ወር አካባቢ ነው። በመሀል ቴርሞሜትር ቤት ውስጥ ይኑር። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት እስኪነጋ አይጠበቅም፤ ነጭ የደም ሕዋስ በወረደበት ሰዓት ኢንፌክሽን በአንድ ሌሊት ይገድላል። ለጸበል ሲባል የኬሞ ቀጠሮ ማሳለፍም ጉዳት ያመጣል።

«ጥናት ማለት መሞከሪያ መሆን ነው»

ብርቅ በሽታን አንድ አገር ብቻውን አያጠናውም። ዩራሞስ አንድ የተባለው የኦስቲዮሳርኮማ ጥናት ከ17 አገሮች 2,260 ሕሙማን አሰባስቧል። ከቀዶ ሕክምና በፊት በተሰጠው ኬሞ ዕጢያቸው በደንብ ላልሞተላቸው ሁለት መድኃኒት ቢጨመር ይሻል ይሆን ተብሎ ተፈተነ። አልተሻለም፤ የጎንዮሽ ጉዳቱ ግን በዛ። «ብዙ መድኃኒት ይሻላል» የሚለው ግምት የወደቀው በፈቃዳቸው በገቡት ሕሙማን ነው። ፈርሞ የገባ ሰው ደግሞ በፈለገው ቀን መውጣት ይችላል፤ የተለመደው ሕክምናው አይቋረጥበትም።