«ሸክላው ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል» ማለት ተገኝቷል ማለት አይደለም

አጎቴ አዳማን እስካሁን «ናዝሬት» ነው የሚላት። ሸክላዎቹን በካርቶን ሲያስረክበኝም «የናዝሬት አቧራ ሳይጨርሳቸው ውሰዳቸው» ነው ያለኝ። አብዛኞቹ ትንንሾቹ፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩት፣ በየጎናቸው አንድ አንድ ዘፈን የያዙት ናቸው። መብራት ሲኖር እየጠበቅኩ ክረምቱን ሙሉ ወደ ኮምፒውተር ገለበጥኳቸው። ጨርሼ ፎልደሩን ስከፍት «ትራክ 01»፣ «ትራክ 01 ኮፒ»፣ «ትራክ 01 ኮፒ 2» ተደርድረዋል። ታግ (ስለ ዘፈኑ ፋይሉ ውስጥ የሚጻፈው መረጃ) መጻፉና ማደራጀቱ ከመገልበጡ በላይ ጊዜ በላ። ሥራው ስለከበደ አይደለም፤ ከየሰው የሰማሁትን እውነት ነው ብዬ ስለጀመርኩ ነው። የሰማሁትም የደረሰብኝም ይኸው።

«ፎልደሩን በደንብ ከሰየምከው ታግ ምን ያደርጋል?»

ፎልደር እንደ ቁም ሳጥን ነው፤ አንድ ልብስ የሚቀመጠው አንድ መደርደሪያ ላይ ብቻ ነው። አንድ ዘፈን ግን ዘፋኝ አለው፣ ግጥምና ዜማ የሠራ ሰው አለው፣ ያቀናበረው አለ፣ ያጀበው ባንድ አለ። በዘፋኙ ስም ፎልደር ውስጥ ከከተትከው፣ ነገ «ዋልያስ ባንድ ያጀባቸውን ሁሉ አምጣልኝ» ስትል መልስ የለም። ታግ ደግሞ ፋይሉ ውስጥ ስለሚጻፍ፣ ዘፈኑ በፍላሽ ሌላ ቤት ሲሄድ አብሮት ይሄዳል። ፎልደሩ እዚያው ይቀራል።

«ሶፍትዌሩ ራሱ አዳምጦ ይሞላዋል»

እንደ ፒካርድ ያሉ ፕሮግራሞች የዘፈኑን ድምፅ እንደ ጣት አሻራ ወስደው ሰዎች ካጠራቀሙት የመረጃ ቋት ጋር ያመሳክራሉ። ያንን ሸክላ ከዚህ በፊት ማንም ካላስገባው ዝም ነው መልሱ። ከዝምታው የሚብሰው ግን ሲያገኝ ነው። ዘፈኑን ከሸክላው ከብዙ ዓመት በኋላ በወጣ ሲዲ ላይ ያገኘውና የሲዲውን ርዕስ፣ የሲዲውን ዓመት፣ የሲዲውን ሽፋን ይለጥፍልሃል። የጥላሁን ገሠሠን ስም በፈረንሳይኛ አጻጻፍ፣ ከነጭረቱ፣ ያገኘሁት በዚህ መንገድ ነው። የሸክላ ማጫወቻህ ፈጥኖ ወይም ዘግይቶ የሚዞር ከሆነም አሻራው ላይገጥም ይችላል።

ስለዚህ ሸክላው እጅህ ላይ እያለ መሃሉ ላይ የተለጠፈውን ክብ ወረቀት በስልክ አንሳ፤ ሁለቱንም ጎን። ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ባለው ባዶ ቦታ ላይ በመርፌ የተጫረ የሚመስል ቁጥር ካለ እሱንም። ወደ ካርቶኑ ከተመለሰ በኋላ ደግመህ እንደማታወጣው እኔ ምስክር ነኝ።

«ባለ 45 አልበም ስላልሆነ የአልበሙን ቦታ ባዶ ተወው»

ተውኩት። የኮምፒውተሩ ማጫወቻ በሙሉ ሰብስቦ «ያልታወቀ አልበም» የሚባል አንድ ክምር ውስጥ ጨመራቸው። አሁን በአልበሙ ቦታ የአሳታሚውን ስምና የሸክላውን ቁጥር እጽፋለሁ፤ በትራክ ቁጥሩ ቦታ አንደኛው ጎን 1፣ ሁለተኛው 2 ይሆናል።

«ኢትዮጲክስ የሙዚቃ ዓይነት ነው»

ግማሹ ፋይሌ በዓይነት ቦታ «ኢትዮጲክስ» ተጽፎበት ነበር። ኢትዮጲክስ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጀው፣ ቡዳ ሙዚክ የተባለው የፈረንሳይ አሳታሚ ከ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያወጣው የሲዲ ተከታታይ ስም ነው። ከገባበት ብዙው ቀድሞ አምሃ ሪከርድስ፣ ካይፋና ፊሊፕስ ኢትዮጵያ በሸክላ ያወጡት ነው። አጎቴ ከሱቅ የገዛውን ኦሪጅናል ሸክላ በዚህ ስም መጥራት ልጁን በልጅ ልጁ ስም እንደመጥራት ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬም ቅኝት እንጂ የሙዚቃ ዓይነት አይደሉም፤ ለእነሱ «qignit» (ቅኝት) የሚል የራሳቸው ታግ ፈጠርኩ። ፍላክ የሚባለው የድምፅ ፋይል የራስህን ታግ ይቀበላል፤ የታጉ ስም ግን በላቲን ፊደል መጻፍ አለበት።

«ወረቀቱ ላይ ያለውን ዓመት አስገባና ጨርስ»

ብዙ የተሳሳትኩት እዚህ ነው። ከሸክላዎቹ አንዱ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በአጎቴ የወጣትነት ጽሑፍ፣ «ጥር 1966» ይላል። ዓመት ተገኘ ብዬ 1966 አስገባሁ። ዘፈኑ ዘሎ ከሁሉም ሸክላዎች ፊት ተሰለፈ። ማጫወቻው የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ነዋ! ጥር 1966 ዓ.ም. ለእሱ 1974 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ትጨምራለህ።

በተቃራኒውም ያሳስታል። የአምሃ ሪከርድስ መሥራች አምሃ እሸቴ ሸክላ ማሳተም የጀመረው በ1969 እ.ኤ.አ. ነው፣ በጃንሆይ ዘመን። «እ.ኤ.አ.» ሳይባል 1969 ብቻ ከተጻፈ የእኛ ሰው በደርግ ጊዜ ነው ብሎ ያነበዋል። እኔ በዓመቱ ቦታ ሁልጊዜ እ.ኤ.አ. አስገብቼ ዓ.ም.ን ማስታወሻው ውስጥ እጽፋለሁ። ሌላው ቢቀር ሁለቱን አትቀላቅል።

ደግሞስ አጎቴ የጻፈው የገዛበትን ቀን ነው፤ ዘፈኑ የወጣበትን አይደለም። ሸክላው ከዚያ በፊት ሱቅ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተቀመጠ እስክሪብቶው አይናገርም። የገዛበት ቀን ማስታወሻ ውስጥ ገባ፤ የዓመቱ ቦታ ማስረጃ እስኪገኝ ባዶ ነው። ከውሸት ዓመት ባዶው ይሻለኛል።

«ስም ሲደረደር የኋለኛው ይቅደም»

ፕሮግራሞቹ እንደ ፈረንጅ ስም አዙረው «አህመድ፣ ማህሙድ» ሊሉህ ይችላሉ። የአባት ስም የቤተሰብ ስም አይደለም። ለስም መደርደሪያ የተሰጠውን የታግ ቦታ ከፍተህ ማህሙድ አህመድ ብለህ ጻፍ፤ በ«መ» ይፈለጋል።

«አማርኛ ታግ ይበላሻል፣ በላቲን ጻፈው»

ጎረቤቴ ሚኒባስ ይነዳል። የሰጠሁትን ፍላሽ ሰክቶ ስክሪኑ ላይ ባዶ ሳጥኖች ሲደረደሩ «ፋይልህ ቫይረስ አለው» አለኝ። ታጉ ደህና ነበር፤ ማጫወቻው የግዕዝ ፊደል የለውም። ሌላው ጣጣ የድሮው የኤምፒስሪ ታግ ነው። ለርዕስ የሚሰጠው 30 ባይት ሲሆን፣ አንድ የአማርኛ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል አቀማመጥ ሦስት ባይት ይፈጃል፤ አሥር ፊደል ላይ ይቆረጣል ማለት ነው። ሁለተኛው ትውልድ ታግ ይህ ችግር የለበትም። ዋናውን በአማርኛ ጽፌ፣ ለመኪና የሚሆን የኤምፒስሪ ቅጂ በላቲን ለብቻ አወጣለሁ።

እውነተኛው የአማርኛ ችግር ሌላ ቦታ ነው። «ዓለም» ብለህ የጻፍከውን «አለም» ብለህ ብትፈልግ ኮምፒውተሩ የለም ይልሃል። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ ጸ፣ ፀ፤ ለጆሮ አንድ፣ ለማሽን ግን የተለያዩ ናቸው። የቋንቋ መምህሮቼ ይቅር ይበሉኝና በርዕሱ ቦታ ሁሉንም ወደ አንድ አመጣሁ። ሸክላው ላይ ያለውን አጻጻፍ እንዳለ ማስታወሻው ውስጥ አስቀምጫለሁ።

«ዌቭ ስለሚከብድ ከፍላክ ይበልጣል»

አይበልጥም። ዌቭ ድምፁን ሳይጨምቅ የሚያስቀምጥ ፋይል ነው፤ ፍላክ ከድምፁ ምንም ሳይቀንስ ይጨምቃል፤ ሲፈታ እያንዳንዷ ቢት ትመለሳለች። በ24 ቢትና በ96 ኪሎኸርዝ የተቀዳ ዌቭ በደቂቃ 35 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል፣ ታጉንም ብዙ ማጫወቻዎች አያነቡትም።

«ርዕሱ አንድ ከሆነ አንዱን አጥፋ»

ተመሳሳይ ፋይል የሚፈልገው ፕሮግራም «ትዝታ» የሚሉትን ሁሉ ደርድሮ ልሰርዝ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ትዝታን ያልዘፈነ ማን አለ? የዘፋኙ ስም ቢገጥም እንኳ በርዝመትና በሸክላ ቁጥር ሳታመሳክር አትንካ።

«የሸክላው ጉዳት ታግ ውስጥ ምን ይሠራል?»

አጎቴ ባለፈው እሑድ መጥቶ ቡና እየጠጣን «ያቺ የምትዘለዋን አጫውትልኝ» አለ። ርዕሷን ረስቶታል፣ ዘፋኙንም። መፈለጊያው ላይ «ትዘላለች» ብዬ ጻፍኩ። ማስታወሻዋ «ጎን ሁለት፣ አዝማቹ ላይ ትዘላለች፤ ወረቀቷ ላይ ቡና ፈሷል» ይላል። ገና የመርፌው ማረፍ ሲሰማ «እሷ ናት» አለ፤ መዝለያዋ ላይ ስትደርስ ከእሷ እኩል ቃሉን ደገመው።