«ቢራው አልቀዘቀዘም» እና ስለ ጥቁር ቢራ የሚነገሩ ሌሎች ስሕተቶች

አራት ኪሎ አካባቢ በምሠራበት ቤት ቡና የገባበት ጥቁር ቢራ በቀረበ ቁጥር ከሁሉ አስቀድሞ የምሰማው ቅሬታ «ቢራው አልቀዘቀዘም» የሚል ነው። ለዓመታት ታግሼ ሰምቼዋለሁ፤ ዛሬ ግን ከሌሎቹ ስሕተቶች ጋር ላርመው ግድ ሆኖብኛል።

ጥቁር ቢራ ሁሉ ኃይለኛ ነው የሚባለው ትክክል አይደለም። ጥቁረቱ የሚመጣው አክርሮ ከተቆላ ገብስ ወይም ብቅል ነው፤ የአየርላንዱ ጊነስ ድራፍት የአልኮል መጠኑ 4.2 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ 5 በመቶ ከሚደርሱ ብዙ ነጣ ያሉ ቢራዎች ያንሳል። ጠላ ጠማቂ እናቶቻችን አሻሮውን አጥቁረው ሲቆሉ ጠላው ይጠቁራል እንጂ በዚያ ብቻ አይበረታም።

በቢራው ውስጥ ያለው ቡና ኢሴንስ (ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ) ነው የሚሉም አሉ። ጠንቃቃ ጠማቂ ግን ቡናውን ሳይፈጭ ወይም ሸካራ አድርጎ ፈጭቶ፣ መፍላቱን በጨረሰ ቢራ ውስጥ ለአንድ ቀን ያህል ይዘፈዝፈዋል።

ወደ ቅዝቃዜው ልመለስ። ቢራ በረዶ ሊሆን ምንም ያልቀረው ሆኖ መቅረብ አለበት የሚለውን እምነት የተማርነው ከላገር፣ ማለትም ከለመድነው ነጣ ያለ ቢራ ነው፤ ለላገርም ይስማማዋል። ጥቁር ቢራ በ3 ወይም በ4 ዲግሪ ሲቀርብ ግን መዓዛውን የሚሸከሙት ነገሮች ተንነው ወደ አፍንጫ አይደርሱም፣ ምላስም ጣፋጩን ለመለየት ይደነዝዛል፤ ስለዚህ የሚቀረው ምሬቱና ጋዙ ብቻ ይሆናል። ተገቢው ሙቀት ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ነው።

ባለፈው ዓመት ቡና በመቅመስ የሚተዳደሩ አንድ ደንበኛችን ብርጭቆውን «ሞቋል» ብለው መለሱልኝ። ከአንድ በርሜል የተቀዱ ሁለት ብርጭቆዎች፣ አንዱን ከማቀዝቀዣ አውጥቼ፣ ሌላውን ግማሽ ሰዓት ባንኮኒ ላይ አቆይቼ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳልነግራቸው አቀረብኩላቸው። ቀዝቃዛውን ቀምሰው «ይመራል፣ ያረረ ነው» አሉና ገፋ አደረጉት። ሁለተኛውን ግን ሳይጠጡ አፍንጫቸው ሥር ረዘም ላለ ጊዜ ያዙትና «የታጠበ ይርጋ ጨፌ ነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ ነበርም። «እርስዎ ቡና ሲቀምሱ ስኒው እስኪበርድ ድረስ ደጋግመው ይቀምሱ የለ?» አልኳቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ቀዝቃዛ አላዘዙም።

ስለዚህ ጠርሙሱን ከማቀዝቀዣ አውጥታችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል አቆዩት። ከጠርሙሱ አትጠጡ፤ አፍንጫ የማይገባበት ነገር አይቀመስም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፣ አረፋም ቶሎ ይገነፍላል፤ ብርጭቆውን ዘንበል አድርጋችሁ፣ ሁለት ሦስተኛ ብቻ ሞልታችሁ ቅዱ። መጀመሪያ አሽትቱ፣ ትንሽ ጎንጭታችሁ ዋጡ፣ ከዚያም አፋችሁን ገጥማችሁ በአፍንጫ ተንፍሱ፤ ቡናው ጎልቶ የሚወጣው በዚያች ቅጽበት ነው።

ጥቁር ቢራ ከሥጋ ጋር ብቻ ይሄዳል የሚሉትን ሽሮ አቅርቡላቸው እላለሁ፤ እህሉ ተቆልቶ የተፈጨ ስለሆነ ከቢራው ጋር ዘመድ ነው። ሥጋ ለሚፈልግ ጠርዙ ቡናማ እስኪሆን የተጠበሰ ደረቅ ጥብስ ከሁሉ ይሻላል።

የበርበሬን ቃጠሎ ቀዝቃዛ ቢራ ያበርዳል የሚለው ግን ብዙ ማዕድ አበላሽቷል። ቅዝቃዜው ለአፍታ ያስታግሳል፤ ጋዙ፣ አልኮሉና የቁላቱ ምሬት ግን የበርበሬውን ቃጠሎ መልሰው ያነሡታል። ለዶሮ ወጥ የወተት ስኳር የተጨመረበትን ለስላሳ ጥቁር ቢራ ምረጡ፤ እርሾ ይህን ስኳር ሊያፈላው ስለማይችል ጣፋጭነቱ በቢራው ውስጥ ይቀራል፣ ብዙ ሰዓት ከተቁላላው ሽንኩርት ጋርም ይገጥማል። ወተት የማይስማማው ሰው ግን ይህን ዓይነቱን ይተወው። ክትፎ ያዘዘ ሚጥሚጣውን ለብቻ ያስቀርብ፣ አይቡን አጠገቡ ያድርግ፣ ቢራውንም ከአይቡ በኋላ ይጎንጭ።