በትምህርት ቤት ጉልበተኝነትን የሚከላከሉ ፕሮግራሞችና የውጤታቸው አለካክ

አንድን ልጅ ደጋግሞ መምታት፣ በቅጽል ስም ማሸማቀቅ፣ ዕቃውን መንጠቅ ወይም ከጨዋታ ማግለል በዛሬው አነጋገር ጉልበተኝነት ወይም ቡሊንግ ይባላል። በስዊድን ተወልዶ በኖርዌይ የሠራው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዳን ኦልዌዩስ ድርጊቱን ከተራ የልጆች ጠብ የሚለዩ ሦስት ምልክቶችን አስቀምጧል፤ እነዚህም ሆን ተብሎ መፈጸሙ፣ መደጋገሙና ተጠቂው ራሱን መከላከል እስኪያቅተው ድረስ የአቅም ልዩነት መኖሩ ናቸው። ድርጊቱን ለማስቆም የተነደፉት ፕሮግራሞች ብዙ ናቸው፤ የትኛው እንደሠራ ማወቅ ግን ከመንደፍ የማይተናነስ ከባድ ሥራ ነው።

በ1982 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በሰሜን ኖርዌይ ከ10 እስከ 14 ዓመት የሆናቸው ሦስት ወንዶች ልጆች ሕይወታቸውን አጠፉ፤ ለዚህም ያበቃቸው በእኩዮቻቸው የደረሰባቸው ከባድ በደል ሳይሆን እንዳልቀረ ታመነ። በማግስቱ ዓመት መንግሥት አገር አቀፍ ዘመቻ ከፈተ፤ ኦልዌዩስም በበርገን ከተማ በ42 ትምህርት ቤቶች የሚማሩ 2,500 ያህል ልጆችን እስከ 1985 ተከታተለ። ዘመቻው አገሩን ሁሉ ስላዳረሰ ያልተነካ ማነጻጸሪያ ትምህርት ቤት አልነበረም። ልጆች ዕድሜያቸው ከፍ ባለ ቁጥር የሚደርስባቸው በደል በራሱ ጊዜ እየቀነሰ ስለሚሄድ ደግሞ ያንኑ ልጅ በፊትና በኋላ መጠየቅ ብቻውን ያሳስታል። ስለዚህ ኦልዌዩስ የአንድን ክፍል ተማሪዎች ዘመቻው ሳይጀመር በዚያው ክፍልና ዕድሜ ከነበሩት ጋር አነጻጸረ፤ በደሉም በግማሽ ያህል ቀንሶ አገኘው። በዚያው ዘመቻ ውስጥ በነበረው በሩጋላንድ ግዛት ግን ተመራማሪው ኤርሊንግ ሩላንድ ከሦስት ዓመት በኋላ ሲያጠና ይህ ነው የሚባል መሻሻል አላየም፤ እንዲያውም በወንዶቹ ዘንድ ችግሩ ትንሽ ጨምሮ ነበር። በበርገን ተመራማሪዎቹ ከትምህርት ቤቶቹ ጎን ሲቆሙ፣ በሩጋላንድ ትምህርት ቤቶቹ ዘመቻውን በአብዛኛው በራሳቸው ነበር የተወጡት። በዚህ ዘርፍ ከእነዚህ ሁለት ጥናቶች ጥንድ የበለጠ አስተማሪ ነገር ያለ አይመስለኝም፤ የዘመቻውን ጽሑፍ ማደልና ሥራውን መሥራት ለየቅል መሆናቸውን ያሳያልና።

የአብዛኛው ግምገማ መሣሪያ ተማሪው ስሙን ሳይጽፍ የሚሞላው መጠይቅ ነው። በኦልዌዩስ መጠይቅ ላይ ልጁ በመጀመሪያ የድርጊቱን ትርጉም ያነባል፤ ከዚያም ባለፉት ሁለት ወራት ገደማ ስንት ጊዜ እንደደረሰበት ሲጠየቅ «ፈጽሞ»፣ «አንዴ ወይም ሁለቴ»፣ «በወር ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ»፣ «በሳምንት አንዴ ያህል» እና «በሳምንት ብዙ ጊዜ» ከሚሉት አንዱን ይመርጣል። በወር ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ ወይም ከዚያ በላይ ያለ ልጅ እንደ ተጠቂ ይቆጠራል። ችግሩ ፕሮግራሙ ራሱ የልጁን ዓይን መክፈቱ ነው፤ ትናንት መገለሉን እንደ በደል ያልቆጠረ ልጅ ዛሬ የድርጊቱን ስም አውቆ ስለሚመዘግበው፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ቁጥሩ ሊያሻቅብ ይችላል። ይህን ጭማሪ ውድቀት ብሎ ሥራውን ማቋረጥ፣ በእኔ እምነት፣ የሚናገሩትን ልጆች መልሶ ዝም ማሰኘት ነው።

በቱርኩ ዩኒቨርሲቲ በክርስቲና ሳልሚቫሊ መሪነት የተዘጋጀው፣ ኪቫ የተባለው የፊንላንድ ፕሮግራም ዋና ትኩረቱን በዳር ቆመው በሚያዩት ልጆች ላይ ያደርጋል። ትምህርቶችና የኮምፒውተር ጨዋታ አሉት፤ በዕረፍት ሰዓት ግቢውን የሚጠብቁ መምህራንም ከሩቅ የሚታይ ደማቅ ሰደርያ ይለብሳሉ። በ2007 በተጀመረው ሙከራ ትምህርት ቤቶቹ በዕጣ ተለይተው፣ ከአራተኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ባሉት ተማሪዎች ዘንድ 39 ትምህርት ቤቶች ፕሮግራሙን ሲጀምሩ 39ኙ ለማነጻጸሪያ ቆዩ። ውጤቱ ጥሩ ነበር፤ ፕሮግራሙ በ2009 በአገር ደረጃ ሲስፋፋና በ888 ትምህርት ቤቶች ሲገመገም ግን ለውጡ ከሙከራው አነሰ።

በ2019 የወጣው የጋፍኒ፣ የቶፊና የፋሪንግተን ጥናት 100 ግምገማዎችን አንድ ላይ መዝኖ፣ ፕሮግራሞቹ የበዳዮችን ቁጥር ከ19 እስከ 20 በመቶ፣ የተበዳዮችን ደግሞ ከ15 እስከ 16 በመቶ እንደሚቀንሱ ገምቷል። አኃዙ ትንሽ ቢመስልም 100 ተበዳዮች ባሉበት ትምህርት ቤት 15 ልጆች ጠዋት ያለ ፍርሃት ከቤታቸው ወጡ ማለት ነው።

መጠይቅ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲሻገር ደግሞ የቃል ምርጫው ውጤቱን ይለውጣል። በአማርኛ «ጥቃት» ሲባል ብዙ ሰው ጾታዊ ጥቃትን ያስባል፤ «ጉልበተኛ» የሚለው ቡጢን እንጂ ሐሜትንና ማግለልን ወዲያው አያስታውስም፤ «መተናኮል» ደግሞ የጓደኛ ቀልድንም ይጨምራል። ስለዚህ በአንድ ቃል ከመጠየቅ «ስለ አንተ ክፉ ወሬ አስወርተዋል?»፣ «ሆን ብለው ከጨዋታ አስወጥተውሃል?» እያሉ ድርጊቱን አንድ በአንድ መዘርዘር ይሻላል።

አማካይ ቁጥር የሚሸፍነው ሌላም ነገር አለ። ከኪቫ ጋር በተያያዙ ጥናቶች እንደታየው፣ በደሉ በቀነሰባቸው ክፍሎች እስከ መጨረሻው ተበዳይ ሆነው የቀሩት ጥቂት ልጆች፣ በደል በበዛበት ክፍል ካሉት የባሰ ሊያዝኑ ይችላሉ፤ የሚመስላቸው ሌላ ልጅ ሲያጡ ጥፋቱ የራሳቸው ይመስላቸዋል። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች የጠቅላላው ውጤት ሲሻሻል የእነርሱ ሁኔታ ለብቻው ካልተጠየቀ በቀር በሠንጠረዡ ላይ አይታይም።