ሂንቲንግ ምንድን ነው? («ፉል አድርገው» ለምትሉ ሁሉ)

አንድ ሰው «ሊኑክስ ላይ አማርኛው ደበዘዘብኝ» ሲል ወዲያው የሚመጣ መልስ አለ። «ሂንቲንጉን ፉል አድርገው፣ ጥርት ይላል።» (ሂንቲንግ በሊኑክስ የፎንት ቅንብር ውስጥ ያለ ምርጫ ነው፤ «ስላይት» በትንሹ፣ «ፉል» ሙሉ በሙሉ ማለት ነው።) በቀደም አንዱ ይህንኑ ብሎ ሲያበቃ «ሂንቲንግ ማለት እኮ ፊደሉን ማለስለስ ነው» ብሎ ጨመረበት። ስንቴ ሰምቼ አለፍኩት። ዛሬስ አላልፈውም።

ማለስለሱ አንቲኤሊያሲንግ ነው። ሂንቲንግ ከእሱ ቀድሞ የሚሠራ ሌላ ነገር ነው፤ የፊደሉን ቅርጽ ራሱን ይነካል።

ቁጥር እንያዝ። ፎንቱ በ1000 አሃድ ሳጥን ውስጥ ተስሏል፣ የአንድ እግር ውፍረት ደግሞ 90 አሃድ ነው እንበል። 10 ነጥብ (ፖይንት) ጽሑፍ በ96 ዲፒአይ፣ ማለትም በኢንች 96 ፒክስል ባለው ስክሪን ላይ 13.3 ፒክስል ይሆናል። ስለዚህ እግሩ 1.2 ፒክስል ይወፍራል። ስክሪኑ ላይ ግን 1.2 የሚባል ፒክስል የለም።

አንድ ሸማኔ ጥለት ላይ ሐን ሊያወጣ ተነሳ በሉ። ንድፉ እግሩን አንድ ክር ከትንሽ ያደርገዋል። ክር አይሸራረፍም፤ ወይ አንድ ነው ወይ ሁለት። ሸማኔው በየእግሩ እንደመጣለት ከወሰነ አንዱ እግር ቀጭን፣ ሌላው ወፍራም ሆኖ ይወጣል። አንቲኤሊያሲንግ ጠርዙ ላይ ፈዘዝ ያለ ክር ማስገባት ነው። ጥቁሩ ዳር ግራጫ ይገባል፣ ዓይን ራቅ ብሎ ሲያየው 1.2 ይመስለዋል። ሂንቲንግ ደግሞ ንድፍ አውጪው ለሸማኔው የጻፈለት ማስታወሻ ነው፦ «ክሩ ሲያንስህ ሦስቱንም እግሮች እኩል አድርግ። አናቱ ከነ በ እና ዘ አናት ጋር አንድ ክር ላይ ይዋል። የጨ ቀለበት እንዳይደፈን።»

ሰብፒክስልንም (የአንዱን ፒክስል የቀለም ክፍልፋዮች) እዚሁ እንጨምረው። እያንዳንዱ ክር ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ተገምዷል፤ ሲያስፈልግ ሲሶውን ብቻ መጠቀም ይቻላል። 4ኬ ስክሪን ያለው ሰው ደግሞ ፈትሉ ቀጥኖለታል፣ ማስታወሻው ብዙም አያስፈልገውም። ማክ ማስታወሻውን ከነጭራሹ አያነበውም፣ ንድፉን እንዳለ ያወርዳል። ምሳሌው የሚበጠስበት ቦታም አለ። ትሩታይፕ በሚባለው የፎንት ዓይነት ውስጥ ማስታወሻው ቁም ነገር የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት አይደለም፣ በየመጠኑ እንደ አዲስ የሚሄድ ትንሽ ፕሮግራም ነው። (ይህ ሁሉ የስክሪን ጣጣ ነው። 600 ዲፒአይ ማተሚያ ላይ ማንም ስለ ሂንቲንግ አይጨነቅም፤ የኅትመት ሰዎች አትደውሉልኝ።)

አሁን ወደ «ፉል» እንምጣ። ሐ ሦስት እግርና ሁለት ክፍተት አለው። ስፋቱ 8 ፒክስል ደረሰው እንበል። ለእያንዳንዱ እግር 1 ፒክስል ስትሰጡ 5 ይተርፋል። 5 ለሁለት ክፍተት እንዴት ይካፈላል? አንዱ 2፣ ሌላው 3። በቃ፣ በአንድ ወገን የተጨፈለቀ ሐ ወጣላችሁ። እንዳይዛነፍ ከተፈለገ ስፋቱ 7 ወይም 9 መሆን አለበት፤ ያኔ ደግሞ የቃሉ ርዝመት ይቀየራል። ላቲኖቹ ይህ የሚገጥማቸው እንደ ኤም ባሉ ጥቂት ፊደላት ነው። እኛ ጋ ሐ አለ፣ ጠ አለ፣ ጨ አለ፣ ከነቤተሰቦቻቸው። ጠርዙ ይጠራል፣ ፊደሉ ይንጋደዳል።

ይህን የሚያውቁት ራሳቸው የፍሪታይፕ ሠሪዎች ናቸው። ፍሪታይፕ ሊኑክስ ላይ ፊደሉን የሚስለው የሶፍትዌር ክፍል ነው። በ2016 በወጣው 2.7 ላይ የትሩታይፕ ማስታወሻዎች በነባሪነት ላይና ታቹን ብቻ እንዲያስተካክሉ፣ ግራና ቀኙን እንዲተዉ አደረጉ። ዊንዶውስም ክሊርታይፕ በሚለው የራሱ ማለስለሻ ወደዚያው ሄዷል። ስለዚህ በደንብ ማስታወሻ የተጻፈለት ፎንት ላይ «ፉል» ማለት እንደ ድሮው አይደለም። ማስታወሻ የሌለው ፎንት ላይ ግን፣ በተራው ግራጫ ማለስለሻ፣ ፍሪታይፕ አውቶሂንተሩን (ማስታወሻውን ራሱ የሚገምተውን ክፍል) ይጠራና ግራና ቀኙንም በራሱ ግምት ያጠብቀዋል። የተጨፈለቀው ሐ የሚመጣው ያኔ ነው። «ስላይት» ስትሉት ያው አውቶሂንተር ላይና ታቹን ብቻ ይነካል። ለአማርኛ የምመክረው እሱን ነው።

አውቶሂንተሩ ደግሞ ግዕዝን አያውቅም የምትሉ አላችሁ። ያውቃል። የእግር ውፍረትን የሚለካው ከዐ ነው። የአናቱን መስመር የሚይዘው ከነ ሀ፣ ዘ፣ በ እና ዋ ነው። የእኛ ፊደላት ቁመት እንደ ላቲን በሁለትና ሦስት መደብ ስለማይሰበሰብ ሁልጊዜ አይሳካለትም፣ ግን በባዶ እጁ አይደለም።

ያው አስተያየት ሰጪ መቼም አላለቀለትም፣ «አፕል በፓተንት ስለያዘው ነው፣ ኢንፊናሊቲን ጫን» ብሎ ደመደመ። (ኢንፊናሊቲ ለፍሪታይፕ የተሠራ የድሮ ማሻሻያ ነው።) የትሩታይፕ ማስታወሻዎችን ማስኬጃ የያዘው የአፕል ፓተንት በ2010 አብቅቷል፤ ፍሪታይፕም በዚያው ዓመት በ2.4 ማስኬጃውን በነባሪ ከፈተው። የክሊርታይፕ ፓተንቶችም በ2019 ጊዜያቸው አልፏል። የኢንፊናሊቲ ቁም ነገር ተጣርቶ ፍሪታይፕ ውስጥ ገብቷል። ይህ ምክር ለዛሬ ኮምፒውተር አይሆንም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ያላሳከከንን ቦታ ማከካችን ነው። የደበዘዘ አማርኛ ይዘው ከሚመጡት አብዛኞቹ ችግራቸው ሂንቲንግ አይደለም።

አንደኛው፣ የምታዩት የመረጣችሁትን ፎንት ላይሆን ይችላል። ደጃቩ ሳንስ በሚባለው ፎንት ውስጥ የግዕዝ ፊደል የለም። ፎንትኮንፊግ (ሊኑክስ ላይ ፎንት የሚመርጠው ክፍል) ሌላ ፈልጎ ይተካል፤ ያገኘው አቢሲኒካ ከሆነ በሜኑ ላይ ለመጽሐፍ የተሳለ፣ ቀጭንና ወፍራም የሚፈራረቅበት ፊደል ታያላችሁ። ቀጭኑ መስመር በ10 ነጥብ ይገረጣል። ቆንጆ ፎንት ነው፣ ቦታው ግን አይደለም። አቢሲኒካ ደማቅ ዝርያም የለውም። ርዕስ ሲደምቅ ስርዓቱ ራሱ በግድ ያወፍረዋል፣ የጨ ቀለበቶች ይደፈናሉ። ተርሚናል ላይ በኤፍሲ-ማች (fc-match) ትእዛዝ ለአማርኛ ማን እንደተመረጠ ጠይቁ። መልሱ ካልጣማችሁ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ጫኑና በፎንትኮንፊግ ፋይላችሁ ውስጥ ለአማርኛ አስቀድሙት። ለብዙ ሰው ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል።

ሁለተኛው የስክሪን ማጉያው ነው። ዌይላንድ (አዲሱ የሊኑክስ መስኮት አሳዪ) ላይ 125 ወይም 150 በመቶ አድርጋችሁ፣ ፕሮግራሙ ደግሞ ገና በድሮው በኤክስ የሚሄድ ከሆነ፣ መስኮቱ አንዴ ተስሎ ካለቀ በኋላ እንደ ፎቶ ሊለጠጥ ይችላል። የተለጠጠ ፎቶን የትኛውም ሂንቲንግ አያድነውም።

የቱ እንደሆነ ለመለየት ስክሪንሾት ውሰዱና ጊምፕ በሚባለው የምስል ማረሚያ ላይ 800 በመቶ አጉልታችሁ አንድ ሐ ተመልከቱ። እግሮቹ ዳር ቀይና ሰማያዊ ካለ ሰብፒክስል በርቷል። ግራጫ ብቻ ከሆነ ተራው ማለስለሻ ነው። ጥቁርና ነጭ ብቻ ከሆነ ማለስለሻው ጠፍቷል። የአናቱ አግድም መስመር ላይና ታቹ ጥርት ብሎ፣ እግሮቹ ብቻ ግራጫ ካላቸው ስላይት ሥራውን እየሠራ ነው፣ አትንኩት። አግድሙም እግሩም እኩል ከተዳፈነ፣ ሂንቲንጉ ጠፍቶ እንዳይሆን እዩ፤ ካልጠፋ ፎንቱን ትታችሁ ወደ ስክሪን ማጉያው ሂዱ።